አንድ ፉርጎ ሰው ዝም ያለ ቀን

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው አደጋ ስላየሁበት አይደለም፤ አደጋው አልደረሰም። አፌን ከፍቼ የቀረሁባቸው ቀኖች በሕይወቴ በጣም ጥቂት ስለሆኑና ከነሱ አንዱ ያ ቀን ስለሆነ ነው።

በቀላሉ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። ጋዜጣ ላይ "አስደናቂ" የሚል ቃል ካየሁ ገጹን እገልጣለሁ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ከተማችን ውስጥ እንደ ጠበል ይወራለት ነበር፤ በብዛት የሚያወሩለትም ገና ያላዩት ሰዎች ነበሩ። እኔ ሰው ሁሉ ያመሰገነውን ነገር መንቀፍ ጠባዬ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተር ማለት ሰው በአንድ ጣቱ ይሠራ የነበረውን ስህተት በዐሥሩም ጣቶቹ እንዲሠራ የሚያግዝ ዕቃ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉን ወድጄው ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ እንድሪስ ይህን ጽሑፍ ካነበቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የከፈቱ፣ ቀልዳቸውን ሳይስቁ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

"አንተ ሥራ የለህም አይደል?" አሉኝ።

እጽፋለሁ አልኳቸው።

"እሱንማ አውቃለሁ። ሥራ የለህም ወይ ነው የምልህ።"

ጉዳያቸው ልጃቸው መዲና ነበረች። መዲና ምህንድስና ጨርሳ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትማር፣ ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን እንደ አባቷ ፊቷ የማይፈታ ልጅ ናት። ጥናቷ ባቡር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጠዋት ከለገሀር ተነስታ እስከ ደብረ ዘይት ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ከድሬዳዋ በሚመጣው ባቡር ትመለሳለች። አባቷ የመልሱን ባቡር ትርምስ ያውቁታል። ሱቃቸውን ዘግተው አብረዋት መሄድ አይችሉም። ቅሪ ቢሏትም አትሰማም። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ፣ ሥራ የሌለው፣ የሚታመን ሰው ፈለጉ። ሦስቱንም አሟላሁ።

መጀመሪያ አብሬያት በሄድኩ ቀን ሥራዋን በመንገድ ላይ አስረዳችኝ። ከአንዱ የመንገደኛ ፉርጎ ወለል በታች የክብሪት ቤት የምታክል ንዝረት የምትለካ መሣሪያ በብሎን አስራለች። ሴንሰር ይባላል አለችኝ። የባቡሩ የብረት ጎማ ላይ ልታስረው ፈልጋ ነበር፤ ሽቦው እየተበጠሰ ስላስቸገራት ወለሉ ስር አደረገችው። ሽቦው በወለሉ ቀዳዳ ወጥቶ ጭኗ ላይ ካለው፣ የወፍጮ መጅ ያህል ከሚከብድ ላፕቶፕ ጋር ይገናኛል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከአባቷ ሱቅ ከወጣ የመኪና ባትሪ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ደግሞ ከብረት ጎማው ጋር እየዞረ ባቡሩ የት እንደደረሰ ይቆጥርላታል። ባትሪውን በጆንያ ጠቅልላ ከእግሯ ስር ስታስቀምጠው ከጎናችን የነበሩት ሴቶች ኮንትሮባንድ መስሏቸው እንዴት እንደሚደበቅ መከሯት። አንደኛዋ "ከኋላሽ ግፊው እንጂ፣ ከበሩ ሆኖ ይታያል" አለቻት።

እኔ መቼም ዝም አልልም። ሐዲዱ ደህና መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ወርዶ በእግሩ እየሄደ አያየውም ወይ አልኳት። በሽተኛውን ለመመርመር ጀርባው ላይ መፈናጠጥ የማን ሕክምና ነው?

"በእግራቸው እየሄዱ የሚያዩትማ አሉ ጋሼ" አለችኝ። "እነሱ ሲያዩት ግን ሐዲዱ ላይ ምንም የለም። ሸክም የሌለበት ነገር ሁሉ ደህና ይመስላል።"

ይህን ዐረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጠዋት ፉርጎው ባዶ ስለነበር መንገዱ ሰላም ነበር። መልሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጆንያ በጆንያ ላይ፣ ሰው በጆንያ ላይ፣ ልጅ በሰው ላይ ሆኖ መጣ። ባቡሩ አቃቂን አልፎ ወደ ከተማው ሲቃረብ፣ ከወሎ ሰፈር ወደ ታች ቤቱ አልቆ እርሻው በሚጀምርበት በኩል አንድ ጠመዝማዛ ነበር። ሐዲዱ የኮረብታውን ጎን ቆርጦ ነው የሚያልፈው። ባቡሩ እዚያ ዳገት ስለሚይዝ እንደ ሽማግሌ ይሄዳል። መዲና ወደዚያ ስንቃረብ ዓይኗን ከላፕቶፑ ላይ አላነሳችም።

ምክንያቱን ቀደም ብላ ነግራኛለች። እዚያ ቦታ ላይ መሣሪያዋ በመልስ ጉዞ ሁሉ ኃይለኛ መናጥ ይመዘግባል። ለመስመር ጥገናው ኃላፊ ተናግራ ነበር። ሰውየው ሠራተኞች ይዞ ሄዶ አየ፤ ብሎኑ ጠበቅ ያለ፣ ሐዲዱ ቀጥ ያለ ሆኖ አገኘው። እንደገና ለመነችውና እንደገና ሄደ። አሁንም ምንም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ በከንቱ ከጠራችው ሽቦዋን ነቅሎ እንደሚሰጣትና ጥናቷም እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ነገራት። እሷ ደግሞ ሌሊት እየተነሳች የምታስበው ስለ ጥናቷ አልነበረም። ሐዲዱ በእውነት ታሞ ከሆነ፣ ያንን ያህል ሰው የጫነ ባቡር በየጊዜው እላዩ ላይ ያልፋል።

ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

"እግርህን አንሳ" አለችኝ። ቀና ስል አወቀችኝ። "አንተ ነህ እንዴ? ጃኬቱ እንዴት ሆነልህ?"

ብርቄ ናት። ወሎ ሰፈር መንገድ ዳር ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ዕድሜያችን እኩል የሆነ፣ ያን ቀን የለበስኩትን ጃኬት የሸጠችልኝ ሴት። ለካ ከደብረ ዘይት ጀምሮ የተቀመጥኩት የእሷ ቦንዳ ላይ ነበር። "በል አብረን እንግፋ" አለችኝ። ስለ ዜጋ ኃላፊነት ደጋግሜ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ገፋሁ።

በዚያች ቅጽበት ፉርጎው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ ቀኝ መስኮቶች ጎረፈ። ለገሀር ፈታሾች ስላሉ ዕቃው ከዚያ በፊት መውረድ አለበት። ጆንያው፣ ቦንዳው፣ በገመድ የታሰረው ካርቶን በየመስኮቱ ወጣ። ከኮረብታው በኩል የሚጠብቁ ለቃሚዎች ነበሩ። ከላይ ከሰፈር የሚወርድ በእግር የተላገ ቀይ መንገድ አላቸው። በሐዲዱ ጎን ያለውን ቦይ የሚሻገሩት በሚያምር ሁኔታ በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ ነው። ማንም እግሩን አያረጥብም፣ ማንም አይጋፋም። ይህ ሕዝብ መሥሪያ ቤት ቢሰጠው ምን ያህል ሥርዓት ይኖር ነበር ብዬ አሰብኩ።

ዞር ስል የመዲና ላፕቶፕ ላይ ያለው መስመር እንደ እብድ ይዘላል።

"በሽታሽ ተገኘ" አልኳት። "ስሟ ብርቄ ይባላል።"

መዲና በቀኝ በኩል የተከመረውን ሰው አየች። መስመሩን አየች። ለገሀር ስንወርድ፣ "ስለዚህ እስካሁን ስለካ የከረምኩት ሰው ነው" አለች፤ ለእኔም ለራሷም አይመስልም ነበር።

እኔ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ኮንትሮባንድን የሐዲድ ብልሽት አድርጎ ያነበበ ማሽን! ጽሑፉን እስከ ግማሽ ድረስ በልቤ ጽፌው ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ መዲና ላፕቶፑን ተሸክማ ቤቴ መጣች። ቁጭ ሳትል የጠዋቱን ጉዞ መስመር አሳየችኝ። ያው ጠመዝማዛ፣ ያው ቦታ፤ መስመሩ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አለ።

"ጠዋት ማን ይወረውራል?" አለችኝ።

ማንም አልኩ። ጠዋት ባቡሩ የሚሄደው ከከተማው ወደ ውጭ ነው፤ ፉርጎው ባዶ ነው።

የቀደሙትን ጠዋቶች ሁሉ አሳየችኝ። ክረምቱ ሲገባ የለም ማለት ይቻላል። ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ ጎድጓዳውም ይጠልቃል። ትንሽ ነው እኮ አልኳት።

"ትንሽ የሆነው ፉርጎው ባዶ ስለሆነ ነው። ሲሞላ ምን ያህል እንደሚወርድ አላውቅም። ሲሞላ ደግሞ ሰው ሁሉ ስለሚነሳ የሐዲዱ ድምፅ በሰው ጫጫታ ይዋጣል።"

የሚያስፈልጋት ነገር ቀላል ነበር፤ የሞላ ፉርጎና የማይንቀሳቀስ ሰው። ለአንድ ጊዜ ብቻ። በዚያ መስመር ላይ ይህን መጠየቅ ገበያን ለአንድ ደቂቃ ዝም በይልኝ እንደ ማለት ነው። ጥያቄውን ለብርቄ እንዳደርስ ደግሞ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ቦንዳ የገፋ ሰው ይታመናል።

ብርቄን መደቧ ላይ ሸሚዝ ስታጣጥፍ አገኘኋት። መጀመሪያ ፊት ነሳችኝ። የእንድሪስ ልጅ ሽቦ ጫፉ ጉምሩክ ድረስ ይሄዳል ተብሎ እንደሚወራ ነገረችኝ። እኔ ይህን ወሬ ማን እንዳወራ ጠየቅኳት፤ "እኔ ነኛ" አለችኝ። የመዲናን ነገር የገባኝን ያህል አስረዳኋት። ሐዲዱ ስር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ አይደለችም፤ እርግጠኛ ሳትሆን ከተናገረች አይሰሟትም፤ ዝናቡ ደግሞ አልቆመም።

ሸሚዙን ማጠፍ አቆመች።

"የምወረውረው ጨርቅ ነው" አለች ቆይታ። "የምሳፈርበት ግን እኔ ነኝ።"

ሴቶቹን እሷ እንደምትይዝ፣ ለቃሚዎቹም ለዚያ ቀን ብቻ ከጠመዝማዛው አልፎ ካለው ሜዳ እንዲጠብቁ እንደምትነግር ቃል ገባችልኝ። ወንዶቹስ ብዬ ጠየቅኳት።

"ወንዶቹ ዕቃቸውን የሚሸጡት በእኛ እጅ ነው" አለችኝ።

በተባለው ቀን ዝናቡ እስከ ቀትር ዘንቦ አባራ። ከደብረ ዘይት የተሳፈርንበት ፉርጎ ከወትሮውም ይበልጥ የሞላ ነበር። ብርቄ በጆንያዎቹ ላይ እየተራመደች ከጫፍ ጫፍ ትዞራለች። አንድ ወፍራም ሰውዬ እሺ አላለም። ፈታሽ ድንገት ቢገባስ ይላል።

"ቢገባ ቁጭ እንዳልክ ያገኝሃል" አለችው። "ለእንግዳ ይነሳል እንዴ ደግሞ አሁን?"

ሰው ሳቀ፤ ሰውዬውም ተቀመጠ።

ባቡሩ አቃቂን አለፈ። ዳገቱን ያዘ። መዲና ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ብርቄ ያንን አይታ እሷም እጇን አነሳች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር እስከ ዛሬ በቃል መግለጽ ይቸግረኛል።

ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ስለ ዋጋ ይከራከሩ የነበሩት ዝም አሉ። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን ጡት አጎረሰችው። ወንዶቹ የጆንያቸውን ገመድ ጨብጠው አቀረቀሩ። በዚያ መስመር ስሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት ከብረት ጋር ሲነጋገር ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ዝምታ የማውቀው ለሞተ ሰው የኅሊና ጸሎት ሲደረግ ብቻ ነው።

ከመዲና ትከሻ በላይ ላፕቶፑን አየሁ። መስመሩ እንደ ኩሬ ውሃ የረጋ ነው። ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀጥላል። ይቀጥላል። ከዚያ ወረደ። አልዘለለም፣ አልተናጠም፤ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ትንፋሹን እንደሚያስወጣ ቀስ ብሎ ወረደ፣ እዚያው ታች ቆየ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

እኔም ተሰማኝ። ማሽኑ ካሳየኝ በኋላ ነው እንዳትሉኝ፤ እኩል ነው። ከመቀመጫዬ ስር መሬት ለአንድ አፍታ እንደ ለስላሳ ነገር እሺ አለ። በዚህ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ አልፌ ይሆን? ሁልጊዜ ስናወራ፣ ስንጋፋ፣ ስንወረውር ነው ያለፍነው። ያ ቦታ ግን በእያንዳንዱ ማለፊያችን ተራውን ጠብቆ ሲናገር ነበር። የክብሪት ቤት የምታክለው መሣሪያ ያደረገችው ነገር ቢኖር ማዳመጥ ነው። የሰው ልጅ ይህን መሥራቱ ያን ቀን ገረመኝ። እኔ ይህን ቃል የምጠቀም ሰው አይደለሁም፤ ግን ገረመኝ።

"አለፍነው?" አለች ብርቄ በሹክሹክታ።

"ዛሬን አልፈነዋል" አለች መዲና። ፊቷ አመድ መስሏል። "ነገን እንጃ።"

ከዚያ አንዱ "ሜዳው!" ሲል ሰው ሁሉ ሥራው ትዝ አለውና ተነስቶ ወደ መስኮቱ ጎረፈ። ወፍራሙ ሰውዬ ቀድሞ ደረሰ።

መዲና ለገሀር እንደወረደች በቀጥታ ወደ ጥገናው ኃላፊ ሄደች። ምን እንዳለችው በደንብ አልሰማሁም፤ ደጅ ነበር የቆምኩት። ስትወጣ፣ ነገ ጠዋት ይመጣል፣ የመጨረሻዬ ነው ብሎኛል አለችኝ።

በማግስቱ ማልደን ከወሎ ሰፈር በእግራችን ወረድን። ብርቄም ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን። ሰምታ ነው እንጂ ማንም አልጠራትም። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ሐዲዱ ላይ ቆሞ በጫማው ተረከዝ ደቃው። ድንጋይ ነው። እንዳየሽው አላት።

መዲና ባዶውን አይደለም አለችው። ሠራተኞቹ በሐዲዱ ላይ የሚገፏትን የጥገና ጋሪ ድንጋይ ጭነህ አሳልፍበት አለችው። ጋሪዋ ካለፈችና ምንም ካልታየ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ እንደሚያበቃ እኔም እሷም እናውቃለን። ሠራተኞቹ ጋሪዋን ጫኑ። እያማጡ ገፏት። እኔ ሐዲዱን ጎን ለጎን እንዳየው ተንበርክኬ ነበር።

ጋሪዋ ያቺ ቦታ ጋ ስትደርስ ሐዲዱ ከስሩ ከተጋደመው የብረት ርብራብ ጋር ወረደ። ጋሪዋ ስታልፍ ተመልሶ ቀጥ አለ። ምንም እንዳልሆነ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ቀጥ አለ።

ኃላፊው አንድ ጊዜ ድገሙት አለ። ደገሙት። ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከጎን ያለውን ጠጠር በእጁ ጠረገና ክንዱን ከርብራቡ ስር አስገባ። እስከ ትከሻው ድረስ ገባ። ሐዲዱ የተኛው አየር ላይ ነበር። ክንዱን ሳያወጣ አንዱን ሠራተኛ ተጣራና፣ ሮጠህ ደውል፣ የዛሬው ባቡር ከአቃቂ እንዳይነቃነቅ አለው። ተነስቶም ለመዲና እጁን ዘረጋላት። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር፤ ጭቃውን ሳይጠርግ ነው የዘረጋላት፣ እሷም እንደዚያው ጨበጠችው።

ውሃው ከየት እንደመጣ ለማግኘት ብዙ አልፈጀም። ሐዲዱን ከኮረብታው ጎርፍ የሚጠብቀው በጎኑ ያለው ቦይ ነው። ቦዩ ለቃሚዎቹ የሚሻገሩበት ጋ ሲደርስ ተደፍኗል። እነዚያ ያደነቅኳቸው ድንጋዮች ነበሩ። ሣርና ጭቃ በላያቸው ሲይዝባቸው ግድብ ሆኑ። በእግር የተላገው መንገድ የኮረብታውን ዝናብ ሁሉ ሰብስቦ ያመጣል፤ ቦዩ አላሳልፍ ሲለው ውሃው በሐዲዱ ስር መንገድ ፈለገ። ሐዲዱን ሊያዩ የመጡት ሰዎች ሐዲዱን ነው ያዩት። ቦዩን ማን ያያል?

እዚያ ቆሜ ከድንጋዮቹ ወደ ቀዩ መንገድ፣ ከመንገዱ ወደ ሰፈራችን ቤቶች ቀና ብዬ አየሁ። ማሽኑ የለካው ሰው ነው ብዬ ሳላግጥ ትክክል ነበርኩ። ሐዲዱ ታሟል ስትል መዲናም ትክክል ነበረች። የሰው እግር ስንት ዓመት የረገጠው መንገድ በዝናብ አልፎ፣ በብረት አልፎ፣ በሽቦ አልፎ አንዲት ልጅ ጭን ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ የጀመርኩትን ጽሑፍ አልጨረስኩትም።

ብርቄ ድንጋዮቹን ስታይ ቆየች። ከዚያ ድንገት፣ "አቃቂ ነው የሚቆመው ያለው?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ነጠላዋን ጠበቅ አደረገችና ዳገቱን ወደ ሰፈር ወጣች።

ምክንያቱን የሰማሁት ማታ ነው። የዚያን ቀን ባቡር ላይ እህቷ ነበረች፤ የክረምቱን ዕቃቸውን በሙሉ ይዛ። ባቡሩ አቃቂ ላይ ሲቆም ፈታሾቹ ወሬውን ሰምተው ደረሱ። መወርወሪያ የለ፣ ለቃሚ የለ። ሁሉም ተወሰደ። የወፍራሙም ሰውዬ፣ የሁሉም። መንገደኞቹ ባዶ እጃቸውን በአውቶቡስ ገቡ። ሁሉም ግን ገቡ።

ብርቄን ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። በመደቧ በኩል ላለማለፍ መንገድ ለወጥኩ። ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሩ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ውስጥ እኔና መዲና ተቀምጠን ሳለ ራሷ ገባች። ጋሽ እንድሪስ ተነስተው ወንበር አቀረቡላት። አልተቀመጠችበትም፤ የባትሪ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። እኔ ስድብ እየጠበቅኩ ነበር። ይገባናልም።

"ያንን መስመር አሳዪኝ" አለቻት መዲናን።

መዲና ላፕቶፑን ከፈተች። ከጥገናው በፊት ያለውን አሳየቻት፤ ያንን ቀስ ብሎ የሚወርደውን። ከጥገናው በኋላ ያለውን አሳየቻት፤ ቀጥ ያለ ነው። ብርቄ ወደ መጀመሪያው መልሽልኝ አለች። ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አደረገች።

"ይሄ እኛ ነን?"

"ውሃው ነው እትዬ" አለች መዲና። "እናንተማ ድንጋይ ብቻ ነው ያስቀመጣችሁት።"

"ድንጋዮቹን መጀመሪያ የደረደርኩት እኔ ነኝ" አለች ብርቄ። "ለቃሚዎቹ በክረምት እግራቸው ውሃ ውስጥ እየዋለ ሲቆስል አይቼ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።"

ጋሽ እንድሪስ ደግ ነው የሠራሽው አሏት። እሷ ግን አልሰማቻቸውም። ጣቷ አሁንም እዚያው መስመሩ ላይ ነበር። ስለ ዕቃዋ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

"ይህን ያህል ከባድ መሆኔን አላውቅም ነበር።"

እንደ መሳቅ አለች። ተነስታም ወደ መደቧ ሄደች።

ያ ባቡር ዛሬ የለም። ጠመዝማዛው የነበረበት እርሻም ቤት በቤት ሆኗል። መዲና አሁን የራሷ ተማሪዎች አሏት፤ ሴንሰሩም ባቡሩም ዘመናዊ ሆኖ ያለ መኪና ባትሪ ይሠራል ትለኛለች። እኔ አሁንም "አስደናቂ" የሚል ቃል ሳይ ገጹን እገልጣለሁ። ብቻ አንዳንድ ጊዜ ከወሎ ሰፈር የተሳፈርኩበት ታክሲ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ እያወራ፣ ረዳቱ እየጮኸ ሲሄድ፣ ማውራቴን አቆምና እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፌ አዳምጣለሁ። ከስራችን ያለው ነገር ምን እያለን እንደሆነ ለማወቅ።